በቀኝ መስኮት የቀሩ መስመሮች

ወረታ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰገን
ታርቱ፣ ኢስቶኒያ

ጉዳዩ፦ የዕረፍት ዜና

በሩዝ ማድረቂያ ቤታችን ለሁለት መኸር ያለ አንድ ቀን ፈቃድ በትጋትና በታማኝነት ያገለገለው «ኤፍ ስምንት» የተባለው የኮምፒውተር ቁልፍ፣ ባደረበት ልልነት በቤቱ ሲታመም ከቆየ በኋላ፣ ኅዳር 7 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከቦታው ተለይቶ መሬት ላይ መውደቁን የምገልጽልሽ በጥልቅ ኀዘን ነው። ዶሮ ልትውጠው ስትል ደርሼ አስጥያለሁ። አሁን በክብሪት ቀፎ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። የቅርብ ዘመዶቹ ኤፍ ሰባትና ኤፍ ዘጠኝ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።

በኀዘኑ ምክንያት የዘገየው ሰላምታዬ ይኸውልሽ።
መከራ የፎገራ ሜዳ ውሃ እንደሚሸሽ ከደጅሽ ይሽሽ።
እግዚአብሔር ይመስገን እኛ ደኅና ነን።
ያ የበረዶ አገርም ለአንቺ ሲል ይሙቅ።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ አምና በሳጥን ልከሽ፣ በስልክ እየመራሽ ያስገጠምሽኝ ማሽን እንደታዘዘ ነው። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ መስኮት ወረቀቱ፣ በቀኝ መስኮት ታዛዡ። በወረቀቱ ላይ ከተጻፉት ትእዛዞች አንዱ ላይ ቆሜ ኤፍ ስምንትን ስነካ መስመሩ ወደ ቀኝ ይሻገራል። «ንፋስ-ክፈት» ሲባል ማራገቢያው ይነሣል፤ «ንፋስ-ቀንስ» ሲባል ይረጋል። ስክሪኑን ዘግቼ ቤቴ ብሄድም ቀኝ መስኮቱ ሥራውን አያቋርጥም። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ አለቃው ሲወጣ አብሮ የማይወጣ ሠራተኛ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው እዚያው ግራ መስኮት ላይ ነው። ወረቀት ወረቀት ነው።

ስልሳ ሁለት ኩንታል ኤክስ ጅግና የተባለው ሩዝ፣ የአሥራ ሰባት ቤት የከርሞ ዘር፣ በእኔ ፊርማ ገብቷል። ዘጠኙ የእናትሽ ነው። እህቴ ታይቱ ሐኪሙ «የሩዝ አቧራ ከዚህ ወዲያ ሳንባሽን ይጨርሰዋል» ካላት ጀምሮ የማድረቂያ ቤቱን ደፍ አልረገጠችም። ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ የማራገቢያውን ድምፅ ትሰማለች። «ይኸ እኮ ልጄ ናት የምትተነፍስልኝ» ትላለች።

ስልኩም ኢንተርኔቱም ከጥቅምት ጀምሮ ዝም ስላሉ ፖስታችን አሁንም ባለሱቁ ኡመር ነው። ሰኞ ሰኞ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሲወርድ ፍላሹን ይዞ ከዚያ ይልክልሻል፤ የአንቺንም በዚያው ያመጣል። ምትክ ኤፍ ስምንት ቢገኝ በአድራሻዬ ይላክ። እስከዚያው ጉድጓዱን በክብሪት እንጨት እየነካሁ እሠራለሁ።

አጎትሽ ያየህ
(ጡረተኛ ዋና ጸሐፊ)

ግልባጭ፦ ለኡመር ሱቅ

*

ታርቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017

ለአጎቴ ለአያ ያየህ፣

የቆሙበት ሁሉ ደረቅ መሬት ይሁንልዎ፤ ወገብዎ ይቃናልዎ፤ ኡመርንም መንገዱ ይቅናው።

የኤፍ ስምንት መርዶ ደርሶኛል። ቢሮ ውስጥ አንድ ደቂቃ ዝም ብዬ አሰብኩት። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ዝም ስለሚል ልዩነቱን ያወቀ የለም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚነካ ቁልፍ እንዴት ይወልቃል? የእኔ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እቀጠቅጠዋለሁ፤ እንኳን ሊወልቅ አላዛጋም። አያ ያየህ፣ ቁልፉን ምን አድርገውት ነው?

አደራ ልበልዎ። ቀኝ መስኮቱ ሰው አይለይም። የደረሰውን መስመር ያነባል፤ ካወቀው ወዲያው ይፈጽማል። «ተሳስቼ ነው» ቢሉት አይሰማም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ጠቅላላ-አቁም» የሚል አለ። እሱ እሳት ሲነሣ ብቻ ነው። እሱ ከተላከ አየሩን የሚያሞቀው ምድጃም ማራገቢያውም ይቆማል፤ የተቃጠለ ነገር መኖሩን ሳላጣራ ማንም እንዳይከፍተው መክፈቻ ቃሉን እኔ ዘንድ ብቻ አስቀምጫለሁ። ይህ እንደገባዎት በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ። በቃል አላምንም፤ እርስዎ ራስዎ ያስተማሩኝ ነው።

እማዬ ለገና ትመጫለሽ ወይ ብላ ከጠየቀች ሥራው በዝቶባታል በሏት። ዘንድሮም አይሆንም። አምስት ዓመት ታግሳኝ የለ፣ አንድ ዓመት ትጨምርልኝ። ደግሞ ማሽኑ አለላት አይደል?

ሰገን

*

ወረታ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰገን

ጉዳዩ፦ የተሰጠንን መመሪያ መረዳታችንን በጽሑፍ ስለማረጋገጥ

የጻፍሽው ደርሶናል። ቅን ሐሳብሽ ከነፍስሽ አይለይ፤ እጅሽ ከሥራ፣ ሥራሽም ከበረከት አይጉደል።

ስለ ቁልፉ የሥራ ብዛት ያቀረብሽው ጥያቄ ተመዝግቧል። ጊዜው ሲደርስ መልስ ይሰጥበታል።

የገናውን ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። የነጠላዋን ጥለት ክር ስትቆጥር ቆይታ «ማሽኑ አለ» አለች። አንቺ ያልሽውን ቃል በቃል መናገሯ አስገርሞኛል፤ እኔ ይህን ክፍል አላነበብሁላትም ነበር።

ኡመር ወደ ባሕር ዳር ሊወርድ መኪናውን አስነሥቶ ደጅ ላይ ጥሩንባ እየነፋ ስለሆነ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በጽሕፈት ሥርዓት መሠረት፣ ከአለቃ የመጣ ትእዛዝ ሲጠቀስ ከሌላ ጽሑፍ ጋር አይደባለቅም፤ ለብቻው፣ በራሱ መስመር፣ መሐል ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በማንኛውም ሁኔታ፣ በማንም ጫና፣ እሳት በዓይናችን ካላየን በቀር ፈጽሞ የማንልከው ትእዛዝ የሚከተለው መሆኑን እናረጋግጣለን፦

ጠቅላላ-አቁም

ከላይ እንደተ

ለጊዜው በዚህ ይብቃኝ። መታየት ያለበት አንድ ነገር ስላለ ነው። ኡመር ፍላሹን እየነቀለ ነው።

ያየህ

*

ወረታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰገን

ጉዳዩ፦ ማሽኑ በገዛ ፈቃዱ ሥራ ስለመልቀቁ

ሰማይ በላይሽ ይጥራ፤ እዚህ ጠቁሯልና።

ኅዳር 23 ቀን፣ ማንም ሳይነካው፣ አንዳች ቅሬታ ሳያሰማ፣ ማራገቢያው ዝም ብሏል። የመብራት ሠራተኛ ጠርተን ነበር። ሽቦውን አንድ በአንድ ዳስሶ «ጤነኛ ነው፤ ግን አይፈልግም» ብሎ ሄደ። ቄስ ተክለ ማርያምም ጠበል ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይረጩ በመከራ ለመንኋቸው፤ እሳቸውም «እንግዲያ በሽታው ከየት ይወጣል?» እያሉ በሩ ላይ ረጩ። በሩ ከዚያ ወዲህ ደኅና ይዘጋል።

ባለፈው ሐሙስ ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። የፎገራ ሰው በኅዳር ዝናብ ሲያይ የሚያደርገውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ነዶውን ጥሎ ወደ ሰማይ ያፈጣል። ሩዙ ገና እርጥብ ነው። ስልሳ ሁለት ኩንታል እርጥብ ሩዝ አንድ ቤት ውስጥ ሲተነፍስ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ የመሥሪያ ቤት አማርኛ አይበቃም።

ስለዚህ መድኃኒቱን በፍጥነት ላኪ። ምትክ ቁልፉ ይቆይ። ከዚሁ ጋር ባይያያዝም፣ ለአጠቃላይ እውቀት ያህል፣ ያ መክፈቻ ቃል የተባለው በምን ፊደል እንደሚጀምር ብትገልጪልን ለመዝገባችን ይጠቅማል።

እናትሽን በተመለከተ፦ ለደረት ፍል ውሃ ይበጃል ስለተባለ ታይቱ ወንዛዬ ሄዳለች። ሰላምታዋ በዚህ ደብዳቤ ያልተካተተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ያየህ

ግልባጭ፦ ለማንም አይሰጥ

*

ታርቱ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

አያ ያየህ፣ ጤናና ትዕግሥት ይስጥልኝ፤ ለሁለታችንም።

ሁለቱንም ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ማሽኑ በራሱ ከቆመ በሽታው ከሦስት አንዱ ነው። ባትሪው ደክሞ ከሆነ ከጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ የሚወርዱትን ሁለት ሽቦዎች ነቅለው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይመልሷቸው። ማራገቢያው ውስጥ ገለባ ገብቶ ከሆነ ክዳኑን ይክፈቱት። ያ ካልሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩትና «ንፋስ-ክፈት»ን ይላኩ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ነው፤ እኔ ከዚህ እንዳልገባ መስመሩ ሞቷል።

ስለ መክፈቻ ቃሉ፦ «ጠቅላላ-አቁም» ካልተላከ ቃሉ ምንም አይሠራም። ከተላከ ደግሞ ምን እንደነደደ ማወቅ አለብኝ። አያ ያየህ፣ ልከውታል እንዴ? «አዎ» ቢሉኝ ይበቃኛል። አልቆጣም። በእማዬ ሞት አልቆጣም።

እና ወንዛዬ? ብቻዋን? እማዬ የሰው ዘር እርጥብ እንደሆነ ትታ ፍል ውሃ የምትሄድ ሴት ናት? ሚዜ ሆና ከሠርግ ቤት ተነሥታ ሩዝ ልታገላብጥ የሄደች እኮ ናት። ድምጿን በኡመር ስልክ ቀድታችሁ ላኩልኝ። «ሰገን» ብላ ትጥራኝ፤ ሌላ ምንም አትበል።

«መዝገብ-አውጣ» የሚለውንም ይላኩ። ቀኝ መስኮቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የደረሰውንና የመለሰውን ሁሉ ፍላሹ ላይ ይገለብጠዋል። እሱን ሳላይ መድኃኒት ማዘዝ አልችልም።

ሰገን

*

ወረታ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰገን

ጉዳዩ፦

ርዕሱን ክፍት የተውሁት ለጊዜው ስላልተገኘለት ነው። ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሽቦው ተጠርጓል። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ከውስጡ አንድ የሞተች እንሽላሊት በስተቀር የተገኘ የለም። ጠፍቶ በርቷል። አልነሣም። ላቀረብሽው ጥያቄ መልሱ «አልተላከም» ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በራሴ ስም ሐሰት ጽፌ አላውቅም፤ በሌላ ሰው ስም ያስጻፉኝን አልቆጥረውም።

አምሳል፣ ያቺ ከታች ሰፈር ስምንት ኩንታል ያስገባችው፣ ዛሬ መጣች። እጇን ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኗ አስገባች። አወጣችና አሸተተችው። ቢሰድቡኝ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ቸር ዋል አያ ያየህ» ብላኝ ሄደች። የክምሩ መሐል ትኩሳት እንዳለበት ሰው ብብት ይሞቃል። ዘር ከሞቀ አይበቅልም። አሥራ ሰባት ቤት፣ ሰገን። ፊርማው የእኔ ነው፤ ከነማኅተሙ።

የእናትሽን ድምፅ በተመለከተ፣ የኡመር ስልክ ስለሞላ አልተቻለም።

መዝገቡ ፍላሹ ላይ አለ። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስሁ አወጣዋለሁ። ምን እንዳለበት አላይም፤ መዝገብ ቤት ያደገ ሰው መዝገብ ሲያስተላልፍ አያነብም።

ቃሉን ላኪልኝ። ለእውቀት አይደለም። ዝም ብለሽ ላኪልኝ።

ያየህ

*

ታርቱ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

አያ ያየህ፣ ሰላምታውን ይተውልኝ። ኡመር ከባሕር ዳር እንዳይነሣ ለምኜዋለሁ፤ መኪናው ተጭኖ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ቀሪውን ሳያነቡ በፊት፦ እማዬን ከዚያ ቤት ያውጧት። የምድጃው በር መዘጋቱን ይዩ። ከዚያ ግራ መስኮት ላይ ይህን ለብቻው ጽፈው ኤፍ ስምንትን ይንኩ፦

ሰገን-ፈቅዳለች

አሁን ያንብቡ። ከላኩልኝ መዝገብ ውስጥ ነው። እኔ የጨመርኩት የለም።

መከራ የፎገራ ሜዳ ውሃ እንደሚሸሽ ከደጅሽ ይሽሽ።
— «መከራ» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
እግዚአብሔር ይመስገን እኛ ደኅና ነን።
— «እግዚአብሔር» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
ጠቅላላ-አቁም
— ጠቅላላ ቆሟል። ያለ ሰገን ቃል አይከፈትም።
ታይቱ መንሽ ይዛ ገባች፤ የወንድሜ ፊርማ ነው አለች።
— «ታይቱ» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
ከለከልኋት።
— «ከለከልኋት» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
አልከለከልኋትም።
— «አልከለከልኋትም» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
ሳሏ ዛሬ ደም ነካው።
— «ሳሏ» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
ኡመር ስልኬ አልሞላም፤ እኔን አታስዋሸኝ አለኝ።
— «ኡመር» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።
ሰገን ነይ።
— «ሰገን» የሚባል ትእዛዝ አይታወቅም።

ከ«ጠቅላላ-አቁም» በኋላ ያሉት መስመሮች እኔ ጋ በመጡት ደብዳቤዎች ውስጥ የሉም። ከግራው ወረቀት ደምስሰዋቸዋል። ቀኙ ግን አንዴ የደረሰውን አይደመስስም። እያንዳንዱን መስመር ጽፈው ሲጨርሱ ኤፍ ስምንትን ይነኩ ነበር ማለት ነው። ቁልፉ የወለቀውም ለዚህ ነው። ያን ቃል በራሱ መስመር ላይ አስቀምጠው እንደለመዱት ነኩት፤ እሱም አወቀው።

«አይታወቅም» የሚለውን መልስ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እየሳቅኩ። በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ስለ መጨረሻዋ መስመር አሁን መጻፍ አልቻልኩም። ኡመር እየጠበቀ ነው።

ሰገን

*

ወረታ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰገን

ጉዳዩ፦ ማረሚያ

ይህን ደብዳቤ እያንዳንዱን መስመር ሆን ብዬ፣ በክብሪት እንጨት፣ ወደ ቀኝ እያሻገርሁ ነው የምጽፈው። መልሼ እንዳልደመስሰው። ያን ክፉ ቃል ግን ለብቻው መስመር አልሰጠውም፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቁልፉ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በጽሕፈት መኪና ዘመን መስመር ሲያልቅ ደወሉ ቅጭል ይላል፤ ያኔ ዘንጉን ገፍተሽ ወደ ሌላው መስመር ትሻገሪያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት የገፋ እጅ የሚገፋው ነገር ሲያጣ ያሳክከዋል። ይኼ ማሽን ዘንግ የለውም። መስመር የሚያሻግር ቁልፍ ኤፍ ስምንት ነው አልሽኝ፤ እኔም መስመር በጨረስሁ ቁጥር አሻገርሁ። በቀኝ በኩል «አይታወቅም፣ አይታወቅም» ሲል አይቼዋለሁ። ምኑ ይገርመኛል? የትኛው መሥሪያ ቤት ነው መጀመሪያ የቀረበለትን «አይታወቅም» የማይል? ችላ ብለው ሲቀጥሉ ይቀበላል ብዬ ነው። የእግዚአብሔርን ስም አላውቅም ሲል ብቻ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ እሱንም በአዲስ ቅጥረኝነቱ አለፍሁት።

ያን ቀን ቤቱ ዝም ሲል ስክሪኑ ያለውን አንብቤአለሁ። «ያለ ሰገን ቃል አይከፈትም» ይላል። ለታይቱም ነገርኋት፤ «ያለ ሰገን አይከፈትም» አልኋት። ማን እንደዘጋው ግን አልነገርኋትም። ለአንቺም ልጽፍ ብዬ ጻፍሁ፤ ደመሰስሁ። ደግሞ ጻፍሁ። ለአሥራ ሰባት ሰው «ልጅ ከውጭ የላከችልኝ ነው፤ አይሳሳትም» ብዬ ፈርሜ ነበርና፣ የተሳሳተው የላከችለት ነው ማለት አቃተኝ።

ሰኞ ዕለት ኡመር ሱቁን አልፎ፣ ጭነቱን ሳያራግፍ፣ በቀጥታ ማድረቂያ ቤቱ ድረስ ነዳ። «አያ ያየህ፣ ቶሎ ይበሉ፤ ልጅቱ በስልክ ስታለቅስ ነው የዋለች» አለኝ። አንብቤ እናትሽን እንድትወጣ ለመንኋት። «ይችን መደዳ ልጨርስ» አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይችን መደዳ ልጨርስ ስትል ነው የከረመችው። የምድጃውን በር አየሁ፤ ጻፍሁ፤ ነካሁ።

ማራገቢያው ተነሣ።

ታይቱ መንሿን እንደያዘች ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያለው አቧራ ዓይኗን ብቻ አስቀርቶ ነበር።

«ማን ከፈተው?»

«ተከፈተ፤ ምን አደረገሽ» አልኋት።

«ያለ ሰገን አይከፈትም አላልኸኝም?»

«ብያለሁ።»

«እና ተከፈተ።»

«ተከፈተ።»

«እንግዲያ የት ናት?»

ኡመርን አየሁት፤ ኡመር መሬቱን አየ። «መጥታለች» አልሁ። «ኡመር ሱቅ ናት። ከነአቧራሽ ልታገኝሽ ነው?»

መንሹን አስቀመጠችው። በልመና፣ በቁጣ፣ በቄስ ተክለ ማርያም ግዝት ያልተቀመጠ መንሽ፣ ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ውሃ ለምና ፊቷን ታጠበች። ከዚያ በኋላ ለማቆም አልተቻለኝም። ሱቁ ጋ ስንደርስ «ሐኪም ቤት ቀድማሽ ሄዳለች» አልኋት። ሐኪም ቤት ስንደርስ «ወረቀት ሊያስጨርሷት ወስደዋት ነው» አልኋት። አልጋ ላይ ተኛች። «ሥራ ይበዛባታል፤ ተዋት፤ ትገባለች» አለችኝ። አምስት ቀን ሆነ። በር በተከፈተ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ሐኪሙ ልጅ እንዳላት ጠየቀኝ። አላት አልሁት። ለምን እንደጠየቀ አልጠየቅሁትም።

ሩዙ እየደረቀ ነው። አሥራ አራት ኩንታል ግን ለዘር አይሆንም፤ ሞቆ ሞቷል። ዘጠኙ የእናትሽ ነው። የራሷን እርጥቡ ግድግዳ ሥር አድርጋ ደረቁን ቦታ ለጎረቤት ሰጥታ እንደነበር ያወቅሁት አሁን ነው። ሰባት ጎረቤት ዛሬ ዘሩን አይቶ ሄዷል፤ አምሳል ከስምንቱ ኩንታሏ እፍኝ ጨብጣ ሳመችው። ማን እንደዘጋው የጠየቀኝ የለም። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ራሴ እናገራለሁ።

ደብዳቤሽን አምስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ መጨረሻዋ መስመር እንዳልሽው አንዳች የለበትም። እየጠበቀ ያለው ኡመር ስለነበር ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እንዲታወቅ ይሁን።

በኅዳር 29 ቀን ደብዳቤ «ማንም ሳይነካው» የተባለው «እኔ ነክቼው» ተብሎ፣ «ታይቱ ወንዛዬ ሄዳለች» የተባለውም «ታይቱ ሩዝ ቤት ገብታለች፤ ቆሜ ያየኋትም እኔ ነኝ» ተብሎ ይነበብ።

እንዲሁም ታኅሣሥ 14 ቀን ለወይዘሮ ታይቱ በቃል የተሰጠውና «ሰገን መጥታለች» የሚለው መግለጫ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ትክክለኛው «ሰገን አልመጣችም» የሚል ነው። ይህ ማረሚያ ለወይዘሮ ታይቱ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ አይገለጽም።

ያየህ

ግልባጭ፦ ለቀኝ መስኮት